የተከራዩት ቤት የማን ነው?

ግልጽ ደብዳቤ
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ቤቶች ልማትና አስተዳደር ቢሮ
ለአዲስ አበባ ከተማ የመሬት ይዞታ ምዝገባና መረጃ ኤጀንሲ

ጉዳዩ፦ ተከራዮች የሚኖሩበትን ቤት ሕጋዊ ባለቤት የሚያጣሩበት መንገድ እንዲከፈት ስለመጠየቅ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚከራይ ሰው የሚፈራረመው ቁልፉን ከያዘው ጋር ነው። ቁልፍ ያዡ ባለቤቱ ሊሆን ይችላል። ወኪሉ፣ ወንድሙ፣ ከወራሾች አንዱ፣ ቤቱን በውክልና የገዛ ሰው፣ ወይም ራሱ ተከራይቶ መልሶ የሚያከራይም ሊሆን ይችላል። ኪራዩ በየወሩ እስከተከፈለ ድረስ ልዩነቱ ለማንም አይታይም። የሚታየው ባለቤቱ ሲሞት፣ ባልና ሚስት ሲፋቱ፣ ባንክ ቤቱን ለሐራጅ ሲያወጣ፣ ወይም ከዓመታት በኋላ ከውጭ አገር የተመለሰ ሰው በሩን አንኳኩቶ «እናንተን እዚህ ማን አስገባችሁ?» ሲል ነው። በዚያ ሰዓት በተከራዩ እጅ ያለው ውል የሚመዘነው፣ ፈራሚው ቤቱን የማከራየት መብት ነበረው ወይስ አልነበረውም በሚለው ነው።

ቀድሞ ይህ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ነበር። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ግን የኪራይ ውልን ወደ መንግሥት መዝገብ አስገብቶታል። ውሉ በጽሑፍ ይደረጋል፤ በ30 ቀን ውስጥ ቀርቦ ይመዘገባል፤ ከሁለት ዓመት ላላነሰ ጊዜ ይጸናል፤ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል። አዲስ አበባ ውስጥ ምዝገባው የሚካሄደው በወረዳ ነው። እነዚህ ጥበቃዎች ሁሉ የሚያስገድዱት አከራይ ሆኖ የፈረመውን ሰው ነው። ፈራሚው ለቤቱ ባዳ ከሆነ የተመዘገበው ውል እውነተኛውን ባለቤት ለማስገደድ አቅም ያጥረዋል፤ ተከራዩም የመንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ከበር ውጭ ሊቆም ይችላል።

የባለቤትነት ጥያቄ በኢትዮጵያ ከመሬቱ ይጀምራል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ እንዲቀጥል፣ እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ደነገገ። ስለዚህ አንድ ሰው በሕግ የራሱ ሊያደርገው የሚችለው ሕንፃውንና በቦታው የመጠቀም መብትን ነው። ቦታው ነባር ይዞታ ይሁን በሊዝ የተገኘ፣ ለተከራይ ብዙም ለውጥ አያመጣም። ለተከራይ ለውጥ የሚያመጣው ሰነዱ የማንን ስም ይዟል የሚለው ነው።

በዚህ ላይ እስከ ዛሬ የሚሠራው በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 1185 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት በውል ወይም በኑዛዜ እንዲተላለፍ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ መግባት እንዳለበት ይናገራል። አንቀጽ 1195 ደግሞ የአስተዳደር ክፍል የባለሀብትነት የምስክር ወረቀት (በተለምዶ ካርታ የሚባለውን) የሰጠውን ሰው የንብረቱ ባለሀብት ነው ብሎ ይገምታል። ግምቱ ሊፈርስ ይችላል፤ ወረቀቱ ሥልጣን በሌለው ክፍል ወይም ዋጋ በሌለው ሰነድ መነሻነት የተሰጠ መሆኑ ከተረጋገጠ በፍርድ ቤት ይወድቃል። እስኪወድቅ ድረስ ግን ባለቤት የሚባለው ስሙ ካርታ ላይ ያለው ሰው ነው። ቤቱን በገንዘቡ የሠራ፣ ግብር ሲከፍል የኖረ፣ ጎረቤት ሁሉ የሚመሰክርለት ሆኖ ስሙ ካርታው ላይ የሌለ ሰው ብዙ ነው። ክርክሩ የሚያሸንፍ ሊሆን ይችላል፤ ተከራዩ ግን የሌላ ሰው ክርክር ውስጥ ገብቶ የሚኖርበት ምክንያት የለም።

በ2006 የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 የተበታተነውን ካርታ ወደ አንድ ካዳስተር ለማምጣት የታሰበ ነው። እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት የራሱ መለያ ኮድ ይሰጠዋል፤ በላዩ ያለው መብት፣ ክልከላና ኃላፊነትም አብሮ ይመዘገባል። ተከራይ ስለ ቤቱ ማወቅ የሚፈልገው ከዚህ አይበልጥም።

በተግባር ግን መልሱ እንደ ቤቱ ዓይነት ይለያያል። ካርታ ያለው የግል ቤት ቀላሉ ነው። የማኅበር ቤት ከሆነ ካርታው በአባሉ ስም መዞሩን ወይም ገና በማኅበሩ ስም መቅረቱን ማየት ያስፈልጋል። በሪል ስቴት የተሠራ አፓርታማ ላይም ተመሳሳይ ነገር ያጋጥማል፦ ገዢው ገብቶበት እያከራየው የባለቤትነት ሰነዱ ገና በገንቢው ድርጅት ስም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሚጣራው የሽያጭ ውሉና የርክክብ ሰነዱ ነው። ያለ ሕጋዊ ይዞታ የተሠራ ጨረቃ ቤት ካርታ ስለሌለው በመዝገብ የሚጣራ ስም የለውም፤ የሚከራየውም ሰው ይህን ዐውቆ መግባት ይኖርበታል።

የቀበሌ ቤት ሌላ ታሪክ ነው። በ1967ቱ አዋጅ ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች መካከል ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ኪራይ ቤቶች እየተባለ ለሚታወቀው መሥሪያ ቤት ተሰጡ፤ የኋለኞቹ ዛሬ በፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ሥር ናቸው። በእነዚህ ቤቶች የሚኖረው ሰው ምንም ያህል ዘመን ቢቆይ፣ ከአባቱ ቢረከበውም፣ ተከራይ ነው። አንድ ክፍል ወይም ሰርቪሱን ለሌላ ሲያከራይ፣ ገቢው ከራሱ ኪራይ ብዙ እጥፍ ቢሆን እንኳ፣ የሚያከራየው የመንግሥትን ቤት ነው። መንግሥት ለነዋሪው የሰጠው ውል ቤቱን ለሦስተኛ ወገን አሳልፎ መስጠትን አይፈቅድም፤ ነገሩ ሲታወቅ ሁለቱም መውጫ ይፈልጋሉ። ይሁንና ከሁሉ በቀላሉ ሊጣራ የሚችለው ይህ ነው፤ የመንግሥት ቤቶች ዝርዝር በራሱ በመንግሥት እጅ ነውና።

ኮንዶሚኒየም ረዘም ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። አብዛኞቹ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች በዕጣ የደረሱ፣ ብዙዎቹም የባንክ ብድር ያለባቸውና ከተላለፉ አምስት ዓመት ሳይሞላ እንዳይሸጡ የተከለከሉ ናቸው። ማከራየት አልተከለከለም። ገበያው ግን የሽያጩን ክልከላ የሚዞርበት መንገድ ለማግኘት አልዘገየም፦ ባለዕጣው ገንዘቡን ይቀበላል፤ ለገዢው ቤቱን የማስተዳደር፣ የማከራየትና ጊዜው ሲደርስ የመሸጥ ሥልጣን የሚሰጥ ውክልና ይፈርምለታል፤ አንዳንዴም የብድር ውል ወይም ኑዛዜ ይታከልበታል። ከዚያ በኋላ ብሎኩ ሁሉ ባለቤት ብሎ የሚያውቀው ገዢውን ነው። መዝገቡ የሚያውቀው ባለዕጣውን ነው። ገዢው በተራው በውክልና ለሌላ ካስተላለፈ፣ ያም ለሦስተኛ ከሰጠ፣ ኪራይ ተቀባዩ የባለዕጣውን መልክ እንኳ አይቶ የማያውቅ ሰው ይሆናል።

የዚህ አሠራር ድካም ሕጉ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2226 መሠረት ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል፤ አይሻርም የሚል ቃል ቢገባበትም ዋጋ የለውም። በአንቀጽ 2232 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ ውክልና በወካዩ ሞት ይቀራል። ባለዕጣው ሲያርፍ ገዢው ከወራሾች ጋር ክርክር ይጀምራል፤ ተከራዩ ደግሞ በመሐል ሆኖ ኪራዩን ለማን እንደሚከፍል ግራ ይገባዋል።

ውክልና ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። ባለቤቱ በዋሽንግተን፣ በዱባይ ወይም በቤሩት እየኖረ ቤቱን በእህት ወይም በአጎት በኩል ማከራየቱ የአዲስ አበባ የዕለት ተዕለት ነገር ነው፤ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የተረጋገጠ ውክልና ያለው ዘመድ ሕጋዊ አከራይ ነው። አንቀጽ 2203 በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራዎችን ብቻ እንደሚሸፍን፣ አንቀጽ 2204 ደግሞ ከሦስት ዓመት የማይበልጥ ኪራይ ከእነዚህ አንዱ እንደሆነ ይገልጻል። ጠቅላላ ውክልና የያዘ ዘመድ እንግዲህ አዋጅ 1320 የሚጠይቀውን የሁለት ዓመት ውል ለመፈረም በቂ ሥልጣን አለው፤ አምስት ዓመት ልፈርም ካለ ግን ይህንኑ የሚል ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። ተከራይ ውክልና ሲቀርብለት ሰጪው በእርግጥ ካርታው ላይ ያለው ሰው መሆኑን፣ ማከራየትና ኪራይ መቀበል በሥልጣኑ ውስጥ መግባታቸውን፣ ሰነዱም እስከ ዛሬ አለመሻሩን ማወቅ ይኖርበታል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሰነዶቹን በማንበብ መረዳት ይቻላል። ሦስተኛው ግን ወረቀቱ ላይ አይገኝም። የሰነዶች ማረጋገጫ ማኅተም ፊርማው በዚያ ቀን መሰጠቱን ይመሰክራል እንጂ ከዚያ ወዲህ ስለሆነው ምንም አይናገርም።

ባልና ሚስትን በተመለከተ ተከራዮች ብቻ ሳይሆኑ አከራዮችም የማያስተውሉት ድንጋጌ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንዱ ተጋቢ ስም የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግሉ መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። በአንቀጽ 68 ደግሞ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥና በመያዣ ለመስጠት ብቻ ሳይሆን ለማከራየትም የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ያልተስማማው ወገን ነገሩን ካወቀ በስድስት ወር፣ ያም ሆነ ይህ ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስለት ሊጠይቅ ይችላል። ሁለት ዓመት ማለት የአዋጅ 1320 ዝቅተኛው የኪራይ ዘመን ሙሉ በሙሉ ማለት ነው። በሌሎች አገሮች የቤተሰብ ስም ጥቂት ይጠቁማል፤ እዚህ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ይዛ ስለምትቀጥል ካርታው ላይ ካለው ስም ተነሥቶ ባል ወይም ሚስት መኖሩን ማወቅ አይቻልም። የጋብቻ ማስረጃ ወይም ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ካልታየ የሚቀረው መጠየቅና በውሉ ላይ የሁለቱን ፊርማ ማግኘት ነው።

የወራሾች ጉዳይም ለዚህ ይቀርባል። በሟች ስም ያለ ካርታ ለዓመታት ሳይዞር መቆየቱ የተለመደ ነው። ቤቱ ውስጥ የቀረው ልጅ ያከራያል፤ ሌሎቹ ወንድምና እህቶች ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸው የሚያበቃው ድርሻ ሲጠየቅ ነው። ፍርድ ቤት የሰጠው የወራሽነት ማስረጃ ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ ያሳያል፤ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱ ብቻ ከፈረመ የቀሩት ውክልና ሊኖር ይገባል። በሕይወት ያለ የትዳር ጓደኛ ካለም ከወራሽነት በፊት የራሱ የጋራ ንብረት ድርሻ አለው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ከሰነዶቹ የትኛው ምን ይመሰክራል? የመብራት ቢል የቆጣሪውን ደንበኛ ስም እንጂ የባለቤቱን አይናገርም፤ የቀድሞ ባለቤት ስም ሳይነሣ የቆየበት ቆጣሪ ሞልቷል። የጣራና ግድግዳ ግብር ደረሰኝ ግብር መከፈሉን ያሳያል፤ ከፋዩም ማንም ሊሆን ይችላል። የግንባታ ፈቃድና ፕላን የሕንፃውን ልክ ይነግራሉ። ካርታው ከእነዚህ ሁሉ ይበልጣል፤ ያውም ዋናው ከታየ ነው። በቴሌግራም የተላከ የካርታ ፎቶ ማንም አንስቶ የሚልከው ምስል ነው፤ ፎርጅድ ካርታም ለገበያው እንግዳ አይደለም። ደላላ ቤቱን፣ ዋጋውንና የውኃውን ተራ በደንብ ያውቃል፤ ስለ ባለቤቱ የሚነግረው ግን ራሱ የተነገረውን ነው። የክፍያው ሕግ አንድ ያልታሰበ ጥቅም ይዞ መጥቷል፦ በቴሌብርም በባንክ መተግበሪያም ገንዘብ ሲላክ የተቀባዩ ስም ቀድሞ ይታያል። ያ ስም፣ የፋይዳ መታወቂያው ስምና የካርታው ስም ሦስቱም አንድ ከሆኑ ጥያቄው በአብዛኛው ተመልሷል። ካልተገናኙ ማብራሪያ የሚሰጥ ውክልና ወይም የፍርድ ቤት ወረቀት መኖር አለበት። ስሞቹ ሲመሳከሩ የአያት ስምም መታየት ይኖርበታል፤ በስምና በአባት ስም ብቻ የሚገናኙ ሰዎች በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ አይጠፉም።

አድራሻም ያስቸግራል። በ2013 ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ሲመሠረት ቤቶቹ ባሉበት ቀሩ፤ የቆዩ ወረቀቶቻቸው ግን የድሮውን ክፍለ ከተማና ወረዳ እንደያዙ ናቸው። ቦሌ አራብሳ የሚከራይ ሰው ሰነዱ ቦሌ ቢል ሐሰተኛ ነው ብሎ መደምደም የለበትም፤ ማኅደሩን ፍለጋ የሚሄድበትን ቢሮ ግን ከሰነዱ ማወቅ አይችልም።

ባለቤቱ ከታወቀም በኋላ ቤቱ ላይ ዕዳ ወይም ዕገዳ ሊኖር ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት ብድሩ ካልተከፈለ ያለ ፍርድ ቤት ክስ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ተከራዩ ይህን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ተጫራቾች ቤቱን ሊያዩ ሲመጡ ነው።

ሁለት ሰዎች «ባለቤቱ እኔ ነኝ» ብለው ሲመጡ ተከራይ ምን ያድርግ? ሕጉ በዚህ ላይ ከሚታሰበው በላይ ግልጽ ነው። አንቀጽ 1741 ክፍያ ለባለገንዘቡ ወይም እንዲቀበል ሥልጣን ለተሰጠው ሰው መፈጸም እንዳለበት ይናገራል። አንቀጽ 1743 ያለ ጥርጥር ባለገንዘብ መስሎ ለታየ ሰው በቅን ልቦና የተደረገን ክፍያ ያጸናል። ጥርጣሬ ከተነሣ ግን ይህ ጥበቃ ያበቃል፤ ያኔ አንቀጽ 1744 ለሁለቱም አለመክፈልንና ገንዘቡን በፍርድ ቤት አስቀምጦ ከዕዳው ነፃ መሆንን ይፈቅዳል። «ማን እንደሆነ እስኪታወቅ ኪራዬን ይዤ ልቆይ» የሚለው የብዙዎች መፍትሔ ከዚህ የተለየ ነው፤ ገንዘቡን ኪሱ ያስቀረ ተከራይ አልከፈለም ተብሎ ለመባረር ምክንያት ይሰጣል።

ከላይ የተዘረዘረው ማጣራት ሁሉ በተከራዩ ትከሻ ላይ ነው። መረጃው ግን በመንግሥት ቢሮዎች ነው ያለው፦ ካርታው በይዞታ መዝገብ፣ ዕጣው በቤቶች ልማት፣ የቀበሌ ቤቱ በወረዳ፣ ውክልናው በሰነዶች ማረጋገጫ፣ የኪራይ ገቢ ግብሩ በገቢዎች። ከሁሉም የጎደለው ተከራይ ሊጠይቅ የሚችልበት መስኮት ነው። የይዞታ ማኅደር በተለምዶ የሚከፈተው ለባለይዞታው ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው፤ ተከራይ ሲጠይቅ ባለጉዳይ አይደለህም ይባላል። ቤቱ ውስጥ ሁለት ዓመት ሊኖር፣ ልጆቹን በአቅራቢያው ትምህርት ቤት ሊያስመዘግብ የተዘጋጀ ሰው ባለጉዳይ ካልሆነ ማን ባለጉዳይ እንደሚሆን ግልጽ አይደለም።

በዚህ ላይ ሰዓቱ ተዛንፏል። ውል የሚመዘገበው ከተፈረመ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ የሁለት ወሩ ቅድሚያ ክፍያና የደላላው ኮሚሽን ግን በፊርማው ቀን ወጥቷል፤ ዕቃውም ገብቷል። በምዝገባ ጊዜ የሚደረግ ማጣራት ምንም ያህል ጥብቅ ቢሆን ለዚህ ገንዘብ አይደርስለትም። ስለዚህ የሚጠየቀው ከፊርማ በፊት የሚሰጥ አጭር መልስ ነው። ተከራይ የውሉን ረቂቅ፣ የራሱን ፋይዳና የቤቱን ቁጥር ወይም የይዞታ መለያ ኮዱን ይዞ ወረዳው ይቀርባል፤ በውሉ የተጠቀሰው አከራይ ስም ከመዝገቡ ጋር ይገናኛል ወይስ አይገናኝም፣ ቤቱ የመንግሥት ነው ወይስ አይደለም፣ ዕገዳ ወይም መያዣ አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ብቻ የሚመልስ አንድ ገጽ ይሰጠዋል። አከራዩ ወኪል ከሆነ የውክልናው ቁጥር ተጠቅሶ አለመሻሩ ከሰነዶች ማረጋገጫ ይጠየቃል።

የባለቤቶች ገመና ይወጣል የሚለው ሥጋት ተገቢ ነው፤ በውጭ የሚኖሩ ሰዎች ቤት ባዶ መሆኑን ማወቅ የሚፈልግ ሌባም አለ። መልሱ ግን ተከራዩ ያላወቀውን ስም አይነግረውም፤ የቀረበለትን ስም ያረጋግጣል ወይም አያረጋግጥም። የካርታው ቅጂ፣ የቤቱ ዋጋ፣ የብድሩ መጠን፣ የባለቤቱ አድራሻ አይወጡም። የጠያቂው ማንነት በፋይዳ ስለሚመዘገብም ማን ስለ የትኛው ቤት እንደጠየቀ በኋላ ማወቅ ይቻላል።

በምዝገባው ቅጽ ላይም የአከራዩ ስም ብቻ ሳይሆን አከራዩ የፈረመው በምን መብት እንደሆነ፣ ማለትም በባለቤትነት፣ በውክልና፣ በወራሽነት ወይም ገና ባልዞረ የግዢ ውል፣ ሊሰፍር ይገባል፤ ባለትዳር ከሆነ የተጋቢው ፊርማ ቦታ ይኑረው። ካርታ የሌላቸው ቤቶች ውል ግን ባለቤትነቱ አልተረጋገጠም በሚል ብቻ መመለስ የለበትም። ቢመለስ ቤቱ ከኪራይ ገበያ አይወጣም፤ ውሉ ወደ ቃል ስምምነት ይወርዳል፤ አዋጁ ሊጠብቀው ያሰበው ሰውም ከነጭራሹ ከመዝገብ ውጭ ይሆናል። ባለቤትነቱ አለመረጋገጡ በግልጽ ተጽፎበት፣ ተከራዩ ማንበቡን ፈርሞ፣ ይመዝገብ። የለሚ ኩራና መሰል አካባቢዎች የቀድሞና የአሁን ወረዳ ማመሳከሪያ ሰንጠረዥም በየወረዳው ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ ሠራተኛውንም ባለጉዳዩንም ከብዙ ምልልስ ያድናል።

ግልባጭ፦
ለፌዴራል የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት
ለአዲስ አበባ ከተማ ተከራዮችና አከራዮች